ስድስቱ ገንዳዎች

ዓለም ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ በተፋጀበት በዚያ በታላቁ ጦርነት ሦስተኛ ዓመት፣ ዝናቡ ሳያባራ በሰነበተበት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከወንዙ ዳር በቆመው የጦር ሆስፒታል ምድር ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተቸነከረ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ከልብስ ማጠቢያው እንፋሎት የተነሣ ጥቁር እንባ እያወረደ ግድግዳውን አቆሸሸው። ከተማይቱን ከያዘ ሁለት ዓመት ያለፈው ጀርመንኛ ተናጋሪው ጦር ማስታወቂያ መለጠፍ ይወድ ነበር፤ ውሻ በየጥጉ እግሩን ሳያነሣ እንደማያልፍ ሁሉ፣ እነርሱም በየግድግዳው ወረቀት ካልቸነከሩ አገር የያዙ አይመስላቸውም ነበር።

የልብስ ማጠቢያው አለቃ እመት ገንዳ ማንበብ አታውቅም። ስሟ ሌላ ነበር፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክንዷን እስከ ክርኗ ገንዳ ውስጥ ነክራ ስለኖረች፣ አስታማሚውም ዘበኛውም እመት ገንዳ ብሎ ጠራት፤ እሷም ከመኳንንት ማዕረግ ይልቅ ይህ ይሻለኛል ብላ ተቀበለችው። ፊደል ባትቆጥርም የሰውን ገበና ከአንሶላው ታነባለች፤ የትኛው ቁስለኛ በእንቅልፉ እንደሚያለቅስ፣ የትኛው ሐኪም እየጠጣ ቢላዋ እንደሚይዝ ከጨርቁ ሽታ ትለያለች። ፎቅ ላይ በእራት ጊዜ ጀግንነቱን ሲተርክ የሚያመሽ መኮንን የውስጥ ሱሪው ጠዋት ሌላ ወሬ ይዞላት ይወርድ ነበር። ስለዚህም የማዕረግ ልብስ ለብሶ የሚንጎራደድ ሰው ባየች ቁጥር አፍንጫዋን ትነፋ ነበር፤ ለክብሩ ሳይሆን ለሽታው።

ማስታወቂያውን ሊያነብላቸው የመጣው መምህሩ ነው። ይህ ሰው ፊት የነበሩት ገዥዎች ሳሉ የእነርሱን ቋንቋ በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው አርጩሜ ሲያስተምር የነበረ ነው፤ ገዥዎቹ ሲሸሹ እሱ አልሸሸም፤ መጽሐፉን ብቻ ለውጦ ሳምንት ሳይሞላው ጀርመንኛ አስተማሪ ሆነ። ገጽ በገለጠ ቁጥር አውራ ጣቱን ስለሚልስ አጣቢዎቹ «ላሹ» ይሉታል። መሐረቡንም ያውቁታል፤ ያን መሐረብ ለማጠብ በየሳምንቱ ዕጣ ይጣጣሉ፤ ዕጣው የወጣባት ሴት ያን ቀን ምሳ አትበላም።

ላሹ አነበበ። ከመጪው ወር ጀምሮ በሆስፒታሉ ግቢ የሚሠራና የሚኖር ሁሉ የገዥዎቹን ቋንቋ ያውቅ ዘንድ ታዟል፤ ለዚህም ማረጋገጫ እያንዳንዱ ሠራተኛ በፈተናው ቀን በሆስፒታሉ አዛዥ በሻለቃው ፊት ቆሞ፣ አንድ ሥርዓታዊ ግሥ በጊዜያቱና በአነጋገር ስልቶቹ ሁሉ ያለ ስሕተት ያረባል፤ ያላረባ ከሥራው ይወጣል፤ ከግቢውም ቤቱን ይለቃል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከግቢው የወጣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቁታል፤ ከተማው ውስጥ ዳቦ የሚታደለው በመቀበያ ካርታ ነው፤ ካርታውም የሚሰጠው ሥራ ላለው ነው፤ በተስቦ የሞተውን የሚለቅመው ጋሪ ደግሞ በየቀኑ ጠዋት ያልፋል።

እመት ገንዳ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ከተማርን አይቀር ማጠብ የሚለውን ቃል እንማር፤ ቢያንስ አፋችን እጃችን የሚያውቀውን ይበል አለች።

«እመት፣ ማጠብ በጀርመንኛ ሥርዓት የለሽ ግሥ ነው፤ መካከሉ ይለዋወጣል። ለእናንተ ሥርዓታዊው ይበቃችኋል» አላት ላሹ።

«ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ሥራ ሥርዓት የለሽ ከሆነ፣ ሥርዓት ያለው የቱ ነው?»

ላሹ አውራ ጣቱን ልሶ ከወረቀቱ ላይ ቆጠረላት፤ መማር፣ መሥራት፣ መውደድ፣ መግደል፣ ማለቅለቅ። መውደድና መግደል በአንድ መሥመር ተሰልፈው፣ አንድ ዓይነት ጅራት አስረው፣ አንዱ ሌላውን ሳይጸየፍ አብረው እንደሚሄዱ ስትሰማ እመት ገንዳ ወደ ፍሳሹ ዞራ እንትፍ አለች። ከዚያም ማለቅለቅን መረጠች። ሽፑለን ይሉታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ግሡ ከስድስት ዓይነት ሰው ጋር ይሄዳል፤ እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ። እነዚህ ስድስቱ ደግሞ በስድስት ጊዜያት ይመላለሳሉ፤ አንድ አሁን፣ ሦስት ዓይነት ያለፈ፣ ሁለት ዓይነት የሚመጣ። ይህም አልበቃ ብሏቸው ነገሩን እንደሆነ የሚናገር ስልት አለ፤ ሰው እንዳለው ወይም በሆነ ኖሮ ብሎ የሚናገር አለ፤ የሚያዝም አለ። ሴቶቹ ከሁሉ ፈጥነው ያወቁት ማዘዣውን ነው፤ ለሁለት ዓመት በየበሩ ሲጮኽባቸው የኖረ ነውና ላሹ አንዴ ሳይደግመው አፋቸው ላይ ተገኘ። ከመካከላቸው አንዷ ወፍራም፣ ሳቂታ ተኳሽ ሴት (ተኳሽ የሚሏት ልብስ በካውያ ስለምትተኩስ ነው)፣ «እኔ ባሌን በገዛ ቋንቋዬ አዝዤው አልሰማ ያለኝ፣ እስቲ በዚህ ልሞክረው» ብላ ምድር ቤቱን በሣቅ ሞላችው። ያ ሣቅ ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ብዙም አልተሰማም።

እመት ገንዳ ለራሷ አልፈራችም፤ በሦስት ቀን ውጣው ጨርሳለች፤ እንደ መራራ መድኃኒት አፍንጫዋን ይዛ። የፈራችው ለምራቷ ነው። ልጇን ፊት የነበሩት ገዥዎች ሲሸሹ ከጎረምሳው ሁሉ ጋር ነድተው ወስደውታል፤ ሞተ ያለ የለም፤ ኖረ ያለም የለም። የተወው ነገር ቢኖር ይህችን ምራትና ያን ጊዜ በሆዷ የነበረችውን ሕፃን ነው፤ ሦስቱም ከውሃ ማፍያው ምድጃ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ምራቲቱ እጅዋ ወርቅ ነው፤ ምላሷ ግን ወንድ ፊት ስትቆም ከላንቃዋ ይጣበቃል፤ ባሏ ከተወሰደ ወዲህ ደግሞ ባሰባት። ላሹ በአርጩሜው ጫፍ አገጯን ቀና አድርጎ «ኢሽ ሽፑለ፣ በይ» ባላት ጊዜ ዓይኗ ፈጠጠ፤ አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ላሹ ለሌሎቹ ዞሮ፣ በሬም ቢሆን በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ነገር ይል ነበር አለ። እመት ገንዳ የዚያን ቀን መሐረቡን ራሷ አጠበችው፤ በምን ውሃ እንዳጠበችው ግን ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ማግስት መላ አገኘች። ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ስድስት ገንዳ በተርታ ቆሟል፤ አንደኛው ደም የሚነከርበት ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሁለተኛው የአመድ ውሃ፣ ሦስተኛው መቀቀያ፣ አራተኛው ማለቅለቂያ፣ አምስተኛው ነጭ ልብስ የሚያነጣው ሰማያዊ ቀለም፣ ስድስተኛው ጨርቅ የሚያደርቀው ስታርች። ምራቷን በእጇ ይዛ ከገንዳ ገንዳ አስሄደቻት፤ ለእያንዳንዱ ገንዳ አንድ ጊዜ ሰጠችው፤ በገንዳው ጠርዝም ላይ ስድስት ጊዜ መታ መታ እያደረገች ስድስቱን ሰው አስቆጠረቻት። የመጀመሪያው ላይ ኢሽ ሽፑለ፤ ሁለተኛው ላይ ኢሽ ሽፑልተ፤ መቀቀያው ጋ ኢሽ ሃበ ገሽፑልት፤ እያሉ እስከ ስታርቹ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ለሌላው የአነጋገር ስልት ወደ መጀመሪያው ገንዳ ይመለሳሉ። ልጅቷ ሰው ማየት ቀርቶላት እንጨትና ውሃ ማየት ስትጀምር ምላሷ ተፈታ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ወፍጮ መፍጨት ጀመረች፤ ምን እንደምትል ግን አታውቅም፤ ማወቅም አልፈለገች። እመት ገንዳ ይህን ስታይ ደስ አላት፤ ደስ በማለቷ ደግሞ ራሷን ታዘበች፤ ለእነዚህ ሰዎች የምትናገር ወፍ አሠልጥኜ ልሰጣቸው ነው ብላ።

በዚያ ማጠቢያ ቤት ከማንም ማስታወቂያ በፊት የቆየ አንድ ሕግ ነበር፤ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወርድ ጥቅል ሳይፈተሽ ውሃ አይነካም። አስታማሚዎቹ ችኩሎች ናቸውና አንሶላውን ከነያዘው ጠቅልለው ይወረውሩታል፤ በጥቅሉ ውስጥ መቀስ ይገኛል፤ ጥርስ ይገኛል፤ አንዳንዴም ስሙን መጥራት የማይወደድ ነገር ይገኛል። ስለዚህ ጥቅሉ በመጀመሪያ ድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ የሚወጣው ይወጣል፤ የሚቀበር ይቀበራል። ይህን ሕግ ያወጣችው እመት ገንዳ ናት፤ በሠላሳ ዓመትም አንድ ቀን አልሻረችውም።

የፈተናው ቀን ሐሙስ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከወንዙ ማዶ ትልቅ ውጊያ ሆኖ ስለነበር ጋሪዎቹ ከንጋት ጀምሮ ቁስለኛ ያራግፋሉ፤ የራሳቸው ቁስለኛም አለ፤ የተማረከም አለ፤ ጭቃ ከለበሰ ወዲህ ማን የማን እንደሆነ አይለይም። እመት ገንዳ ወለሉን አስጠርጋ ሴቶቹን በተርታ አቁማ ሳለ ምራቷ መጥታ እጅጌዋን ያዘቻት።

«እማማ፣ መጀመሪያው ገንዳ የለም። ከየት ልነሣ?»

እውነትም የለም። አስታማሚዎቹ ለደም መቀበያ ብለው ወደ ላይ ወስደውታል። እመት ገንዳ የልጅቷን ፊት አየች፤ ምላሷ ወደ ላንቃዋ ሊመለስ ሲል አየች። ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጥታ አስታማሚዎቹን በማያውቁት ቋንቋ በሚገባቸው ድምፅ ሰድባ ገንዳውን ከነያዘው ጥቅል አስወረደችው። ሲያስቀምጡት የሻለቃው ጫማ ደረጃው ላይ ይሰማ ነበር። ጥቅሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ለመዘርጋት ጊዜ አልነበረም፤ ባዶ ገንዳም ሻለቃው ፊት ያምራል ብላ አላሰበችም። «ውሃ ድፉበት» አለች። አንዲት አጣቢ አልተፈተሸም እኮ ብላ ተናገረች። እመት ገንዳ ሰማቻት፤ እንዳልሰማች ሆነች፤ ባልዲውን ራሷ አንሥታ ደፋችው።

ሻለቃው ገባ። ቀይ፣ ወፍራም፣ ንጹሕ ሰው ነበር፤ ጓንቱን አላወለቀም፤ ሽቶ የነካው መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ፣ እነዚህ ሴቶች የሚያጥቡት የገዛ ሰዎቹን ደም እንዳልሆነ ሁሉ ፊቱን አኮማተረ። ላሹ መጽሐፉን ይዞ ከኋላው እንደ ጥላ ቆመ። ሴቶቹ በየተራ አረቡ፤ ተኳሿ እየተንተባተበች አለፈች፤ እመት ገንዳ ዓይኗን በሻለቃው የኮት ቁልፍ ላይ ተክላ፣ እንደሚተፋ ሰው ቃሉን አንድ በአንድ ወረወረችና ጨረሰች።

ምራቲቱ መጨረሻ ነበረች። ወደ መጀመሪያው ገንዳ ሄዳ ጠርዙን መታ አደረገች፤ ኢሽ ሽፑለ፣ ዱ ሽፑልስት፣ ኤር ሽፑልት፤ ስትል ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። ከገንዳ ወደ ገንዳ ሄደች፤ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ሻለቃው መሐረቡን ከአፍንጫው አንሥቶ ፈገግ አለ፤ ለላሹም አንድ ነገር ነገረው። ላሹ ወደ ሴቶቹ ዞሮ፣ ክቡር ሻለቃ ነገሩ እጅግ ደስ ብሏቸዋል፤ የቀረውን እየሠራች ትበል፤ እጅዋ ምላሷ የሚለውን ያድርግ ብለዋል አለ።

ልጅቷ ወደ መጀመሪያው ገንዳ ተመለሰች፤ እጅጌዋን ሰብስባ ሁለት እጇን ከጥቅሉ ውስጥ ከተተች፤ የሁለተኛውን ስልት መቁጠር ጀመረች።

እመት ገንዳ የዚያን ጊዜ የሆነውን እስክትሞት ድረስ አልረሳችም። የልጅቷ ትከሻ አንድ ጊዜ ዝግ አለ። ውሃው ቀላ። ከአንሶላው እጥፋት መካከል አንድ ነጭ ነገር ብቅ ብሎ ተመልሶ ሰጠመ፤ የሰው እጅ ነበረ፤ ከአንጓው የተቆረጠ። እመት ገንዳ አፏን ከፍታ አቁሚ ልትል ነበር። ነገር ግን ልጅቷ አላቆመችም። «ኢሽ ሽፑለ፣ ዱ ሽፑለስት፣ ኤር ሽፑለ» እያለች፣ ቃሉን ሳታዛንፍ፣ ውሃ ውስጥ ያን እጅ ያዘችው፤ አውራ ጣቷም በጣቶቹ ላይ አንድ በአንድ፣ ከትንሿ ጀምሮ፣ ቀስ ብላ ስትሄድ ክንዷ ላይ ባለው ጅማት ይታይ ነበር። የምትፈልገውን እመት ገንዳ ወዲያው አወቀች። ልጇ ከማፍያው የመዳብ ቧንቧ ቁራጭ ራሱ ቀጥቅጦ የሠራው ቀለበት ነበረው፤ በግራ እጁ፣ ከትንሿ ጣት ቀጥሎ። የተማረኩት ቁስለኞች፣ ልጇን ነድቶ የወሰደው ጦር ሰዎች፣ እዚያው ፎቅ ላይ ናቸው። ልጅቷ ባሏን ውሃ ውስጥ ትፈልጋለች፤ አፏም ያረባል።

ላሹም አየ። ለዚህ ምስክር አያስፈልግም፤ ዓይኑ ገንዳው ላይ ወድቆ ነበር፤ ፊቱም አመድ መሰለ። ከዚያ አውራ ጣቱን ላሰና ገጹን ገለጠ።

ልጅቷ በስድስቱም ገንዳ ዞረች፤ ከመጀመሪያው ከወጣች በኋላ እጆቿ እየተንጠባጠቡ፤ በመጨረሻም ማዘዣው ላይ ደርሳ «ሽፑለ፤ ሽፑልት፤ ሽፑለን ዚ» ብላ ዝም አለች። ሻለቃው በጓንቱ አጨበጨበ። በደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ ለላሹም ይህ ቤት ለሌሎቹ ሁሉ ምሳሌ ይሆናል አለውና ወደ ላይ ወጣ፤ ምሳው ደርሶ ነበር።

ላሹ ሊከተለው ሲል እመት ገንዳ በሩ ላይ ቆመችበት።

«አይተሃል» አለችው። አንቱ ማለቷን የዚያን ቀን ተወች።

«እመት፣ እኔ የማየው ወረቀቴን ነው። ልጅቱ አልፋለች፤ ቤታችሁም ተረፈላችሁ፤ ምን ቀራችሁ?»

እመት ገንዳ ልትሰድበው ፈልጋ ስድብ አጣች፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ቆሻሻ ያጠበች ሴት ለዚህ የሚሆን ውሃ አጣች። ከበሩ ዞር አለችለት። እሱን ይበልጥ እንዳትጸየፈው የከለከላት ባልዲው ነበር፤ ያን ባልዲ የደፋችው የራሷ እጅ ናት። የእሱ ምላስ ገጽ ላሰ፤ የእሷ እጅ ሕጓን ሻረ፤ ሁለቱም ያደረጉት አንዲት ፈተና እንድትታለፍ ነው። ይህን ስታስብ የገዛ እጇ ሸተታት፤ በአመድ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ሽታው ግን እጇ ላይ አልነበረምና አልለቀቀም።

ምራቷ ገንዳው አጠገብ እንደቆመች ነበር። አላለቀሰችም፤ አላስመለሳትም።

«ቀለበት የለውም፣ እማማ።»

«እህ።»

«ግራ እጅ ነው። የቀለበት ምልክትም የለውም። ወፍራም ነው፤ የእሱ ቀጭን ነበር።» ከዚያም፣ «ግን የአንዷ ባል እጅ ነው» አለች።

እመት ገንዳ ያን እጅ በንጹሕ የትራስ ልብስ፣ በሰማያዊው ውሃ ባለፈ፣ በስታርች በቆመ፣ ለመኮንኖች ብቻ በተመደበው ጠቀለለችው፤ ይህ ደግሞ በማስታወቂያ የተከለከለ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከአመዱ ክምር ጀርባ ቆፍረው ቀበሩት። ተኳሿ ድንጋይ አምጥታ አስቀመጠችበት። ከዚያ ተመልሰው ገንዳውን ገለበጡት፤ ጥቅሉንም ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ፈተሹት፤ እንደ ሕጉ።

ጦርነቱ በተከታዩ ዓመት አበቃ። ጀርመንኛ ተናጋሪው ጦር አንድ ማለዳ ማስታወቂያዎቹን ግድግዳ ላይ እንደተቸነከሩ ትቶ ሄደ፤ ማፍያውን ለማቀጣጠል ጠቀሙ። ሌሎች ገቡ። ላሹ መጽሐፉን ለወጠ፤ ጣቱንም ሌላ ገጽ ላይ ላሰ፤ በስተርጅና ጊዜውም ለትምህርት ስላደረገው አገልግሎት ሜዳይ ተሰጥቶታል፤ ሲሞት ከተማው በሙሉ ቀብሩ ላይ ወጥቷል ይባላል። እመት ገንዳ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ አልሄደችም፤ ልብስ አለብኝ አለች።

ሻለቃው ያን ቀን የጻፈው መዝገብ ግን ተርፏል። ከብዙ ዘመን በኋላ ያገኙት ሊቃውንት አገላብጠው አንብበውታል፤ የመዝገቡ ቃልም አጭር ነው፦ «የልብስ ማጠቢያ ክፍል፤ አሥራ አንድ ሴቶች፤ ሥርዓታዊ ግሥ በጊዜያትና በስልቶች ሁሉ፤ ውጤት፦ እጅግ አጥጋቢ።» ስም የለበትም። እጅ የለበትም። ሊቃውንቱም ስለ ገዥዎቹ ትጋትና ስለ ሠራተኞቹ ቀልጣፋነት ጥሩ ጥሩ ነገር ጽፈዋል፤ ምን ያድርጉ፤ ታሪክ የሚያነበው የተጻፈለትን ነው፤ የሚጽፈው ደግሞ ጓንት ያላወለቀው ነው።

ልጁ አልተመለሰም። ምራቲቱ አላገባችም፤ እመት ገንዳ ስታረጅ የማጠቢያ ቤቱን አለቅነት ተረከበች፤ ጥቅል ሳይፈተሽ ውሃ ያስነካች ሴት በእሷ ዘመን አንድም አልነበረችም። ያን ቋንቋ ከዚያች ሐሙስ በኋላ አንድ ቃል ከአፏ አላወጣችም። ነገር ግን ልጇ አድጋ ከጎኗ ማጠብ ስትጀምር አንድ ነገር ታዝባለች፤ እናቷ እርጥብ ልብስ በጨመቀች ቁጥር፣ ሸሚዝም ይሁን አንሶላ፣ አውራ ጣቷ በእጥፋቱ ውስጥ ከትንሿ ጣት ቀጥሎ ያለውን ቦታ ቀስ ብላ ትዳስስ ነበር።